ካባው ሠርግ አለበት

ጥር 14

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? ለበዓሉ ነጠላ ልናወጣ የእናቴን ሰማያዊ የብረት ሳጥን ስንከፍት ከሥር የአያቴ ቀሚስ ወጣ። ማንም ሳይለብሰው 40 ዓመት ያህል ተቀምጧል። ፈትሉ የራሷ ነው። ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ በእንዝርት ፈትላ፣ ልቃቂቱን ለሸማኔ ሰጥታ ያሠራችው። ክሩ አንድ ወጥ አይደለም። አንዳንድ ቦታ ወፈር ይላል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሊበጠስ ምንም አይቀረው። እናቴ ጣቷን እያሳለፈችበት «ይሄ ወፍራሙ ማታ የፈተለችው ነው» አለች። «በኩራዝ። ዓይኗ ደክሞ።»

ብብቱ ሥር እራፊ ተጥፎበታል። አቡጀዲ ነው፣ ከአጎቴ የክርስትና ልብስ የተረፈ ቁራጭ። ስፌቱ በጣም ደቃቅ ስለሆነ በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ነው የቆጠርኩት፤ በአንድ የጣት ስፋት ውስጥ 14 የመርፌ ስፌት። ይሄን ሁሉ ማንም በማያየው ብብት ሥር!

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ይመላለስብኛል። በሰፈራችን ስንት እንዲህ ያለ ሳጥን አለ? ስንቱስ ልብስ ባለቤቱ ሲያልፍ ለማን እንደተሰፋ የሚያውቅ ይጠፋል? ስለዚህ ወስኛለሁ። ከየቤቱ ተውሼ ኤግዚቢሽን አዘጋጃለሁ። ውድ ልብስ አልፈልግም። የንጉሥ ልብስ ማየት የፈለገ ሰው አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም አለለት። እኔ የምፈልገው የተጣፈውን፣ የተጠለዘውን፣ እድፍ የያዘውን ነው። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አዳራሹን ከፋሲካ በኋላ ለሁለት ሳምንት ሊሰጡኝ ተስማምተዋል።

ጥር 24

እስካሁን ዘጠኝ ቤት ገብቻለሁ። አንድ ነገር ተማርኩ። ሰው መጀመሪያ የሚያወጣልሽ የሚያምረውን ነው። በአቦሉ ላይ ለልጅ ሠርግ ከሽሮ ሜዳ የተገዛው፣ ገና ከፕላስቲኩ ያልወጣው ይመጣል። አመስግኜ ዝም እላለሁ። በቶናው ላይ ፎቶ ይወጣል። በበረካው ላይ ነው «እንግዲህ አንድ የማይረባ ነገር አለ፣ ብታይው ትስቂያለሽ» የሚባለው። እሱ ነው የኔ ልብስ። ቡና ሳይጠጡ ይሄን ሥራ መሥራት አይቻልም። ቀን ሁለት ቤት ከበዛ ደግሞ ማታ እንቅልፍ የለም።

የካቲት 3

ዛሬ ካኪ ሸሚዝ ተቀበልኩ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሸሚዝ ነው። ታኅሣሥ 1967 ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲዘምቱ አብረው የሄዱ ናቸው። ያኔ 18 ዓመታቸው ነበር። አንገትጌው አልቆ ተገልብጦ ተሰፍቷል፣ የድሮ ልብስ ሰፊዎች እንደሚያደርጉት፤ ያለቀው ወደ ውስጥ፣ ደህናው ወደ ውጭ። የግራ ኪሱ ላይ ሰማያዊ የቀለም እድፍ አለ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል።

ባለቤታቸው ሸሚዙን ከእጄ ሊወስዱ ነበር። «በእንዲህ ያለ እድፍ ሰው ፊት? ስጪኝ ልጄ፣ በሎሚ አስለቅቄ አመጣዋለሁ።» ጋሼ ግን በእጃቸው ከለከሏቸው። ከዚያ ነገሩኝ። ያስተምሯቸው ከነበሩት መካከል ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ ባልቴት ነበሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስማቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፉ፤ ማንም ሳይረዳቸው። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ጋሼ እስክሪብቶውን ተቀብለው ሳይከድኑት ኪሳቸው ከተቱት። እድፉ እሱ ነው። «ሚስቴ 40 ዓመት ልትጠበው ትፈልጋለች» አሉ፣ «እኔ 40 ዓመት እደብቃታለሁ።»

አብረዋቸው በአንድ ጎጆ ካደሩት ዘማቾች ሁለቱ ኋላ በቀይ ሽብር ጊዜ አልፈዋል። ይህን ሲነግሩኝ ሸሚዙን እያጠፉ ነበር። እጅጌውን ደጋግመው አጠፉት።

ማታ ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት ይሄን ብቻ ነው፤ ምንም ነገር አይታጠብ፣ ባለቤቱን ሳይጠይቁ።

የካቲት 18

በርኖሱ ችግር ይዞ መጣ። ከመንዝ የመጣ ጥቁር የበግ ፀጉር፣ ቀኝ ትከሻው ላይ ጉብ ያለው፣ ያዋሰኝ ሰው አባት በብርድ ለብሰውት የኖሩ። ያምራል። ግን ሳራግፈው ነጭ ትል ወደቀ። ብል! አንድ ብል የገባበት ልብስ ከሌሎቹ ጋር ከተቀመጠ ፀጉሩን ሁሉ ይጨርሰዋል። ናፍታሊን በጥብቅ በታሸገ ነገር ውስጥ ካልሆነ የተፈለፈለውን አይገድለውም፣ ለሰውም ጤና አይደለም።

ያለ መድኃኒት የሚሠራው ቅዝቃዜ ነው። ልብሱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ አስሮ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ማቆየት። ትሉም እንቁላሉም ይሞታል። ግን በርኖስ የሚያህል ነገር የማን ፍሪዘር ይችለዋል? መፍትሔው ያልጠበቅኩት ቦታ ተገኘ። ትናንት ዐቢይ ጾም ገብቷል፣ የሰፈራችን ሥጋ ቤት እስከ ፋሲካ ዝግ ነው፣ ትልቁ ፍሪዘር ባዶውን ቆሟል። ልጁን ለመንኩት። «ቆይ፣ ልብስ ነው የምታስገቢው?» አለ። አዎ። ዝርዝሩን ስነግረው ራሱ ፍሪዘሩን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ ጠበቀኝ። በርኖሱን በሁለት ፕላስቲክ ጠቅልዬ አስገባሁት።

የካቲት 27

መብራት ሌሊቱን ሙሉ አልነበረም። ጠዋት ስንከፍተው በረዶው ቀልጧል። ቅዝቃዜው በመሐል ከተቋረጠ ደግሞ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፣ የተረፈ ብል ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከዛሬ እንደገና እንቆጥራለን። ዘጠኙ ቀን ባከነ። የሥጋ ቤቱ ልጅ ግን «እስከ ፋሲካ ጊዜ አለሽ» ብሎ ግድግዳው ላይ በኖራ «በርኖስ 1» ብሎ ጻፈ። በየቀኑ እሱ ነው የሚጨምረው።

መጋቢት 5

ዛሬ ያጠፋሁትን መጻፍ አለብኝ።

አንዲት እናት ከአማታቸው የወረሱትን ነጠላ ሰጥተውኝ ነበር። ጥለቱ ቀይና ቢጫ ነው። አቧራ ስለያዘ እንዳጥበው ራሳቸው ፈቀዱልኝ። ፈቃዱ ስላለኝ ልቤ ሞላ፣ ለብ ባለ ውሃና በሱቅ ሳሙና ነከርኩት። ቀዩ ለቀቀ። ሳወጣው ከጥለቱ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ነጩ ሮዝ ሆኗል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በዚያ ነጠላ ለቅሶ ተደርሶበታል። አማታቸው ባላቸው የሞቱ ጊዜ አዘቅዝቀው የለበሱት እሱን ነው፣ ጥለቱ ወደ ላይ ፊታቸው ጋ ሆኖ።

ማታ ሄጄ ነገርኳቸው። ነጠላውን ተቀብለው ወደ መብራቱ አስጠጉት። ብዙ አዩት። ከዚያ «አማቴ በእንዶድ ነበር የምታጥበው» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ቡና አፈሉልኝ።

ስለ እንዶድ ስሰማ ነው ያደግሁት፣ ግን አንድም ቀን አጥቤበት አላውቅም። ነጭ ልብስ የሚያነጣ፣ ክር የማይጎዳ የሀገር ሳሙና ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያስተዋሉት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው መታየታቸውን ነው። የቢልሃርዝያን አስተላላፊ የመቆጣጠር ምርምራቸው የተነሳው ከልብስ አጣቢ ሴቶች ነው። ይሄን እያወቅሁ ሱቅ ሄጄ ሳሙና ገዛሁ።

ከእንግዲህ የማደርገው ይሄ ነው። ባለቀለም ነገር ሁሉ ከመንካቴ በፊት እርጥብ ነጭ ጥጥ በማይታይ ጥግ ላይ ጫን አድርጌ አቆያለሁ። ጥጡ ቀለም ከያዘ ውሃ አይነካውም፤ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ብቻ። በረኪና የሚባል ነገር አዳራሹ አካባቢ አይደርስም። ነጠላው ከነሮዙ ይሰቀላል። ሴትየዋ ፈቅደዋል፣ ምን እንደሆነ እንዲጻፍም ጠይቀዋል።

መጋቢት 12

በርኖሱ ትናንት 14 ቀኑን ሞላ። ወዲያው አልፈታሁትም። እዛው ፕላስቲኩ ውስጥ እንዳለ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ቆየ፣ ያለዚያ ላቡ ፀጉሩ ላይ ይወርዳል። ዛሬ ከፍተን አራገፍነው። የወደቀው ሁሉ ደርቋል። የሥጋ ቤቱ ልጅ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ደጃፉ ላይ ቆመ፣ ፎቶ አነሳሁት። እውነት ለመናገር አማረበት።

መጋቢት 20

ስለ ሚኒው በሰፊው ልጽፍ ነው፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ያረመኝ እሱ ነው።

አረንጓዴ ፖፕሊን ቀሚስ ነው፣ እጅጌ የለውም። ባለቤቷ 77 ዓመታቸው ነው፣ በ1960 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። ጠርዙን ስታዩት ሁለት አረንጓዴ አለ። ላይኛው ፀሐይ የበላው፣ የገረጣ። ታችኛው አራት ጣት ያህል ደማቅ፣ እንደ አዲስ። በመሐላቸው የድሮው እጥፋት መስመር ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ማለት መጀመሪያ አጭር ነበር፣ ከዚያ ጠርዙ ተፈትቶ ረዘመ።

እኔ ይሄን ሳይ ታሪኩን ጨረስኩት። መጋቢት 1960 ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ተደርጎ ተማሪው «የባዕድ ባህል ነው» ብሎ ተነሳበት፣ ሁከት ሆነ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። እሳቸው ደግሞ የዚያን ጊዜ ባለ ሚኒ ናቸው። በቃ፣ ፈርተው አስረዘሙት። እንዲህ ብዬ መግለጫ ጻፍኩና አነበብኩላቸው።

«ማነው የፈራው?» አሉ።

ዝም አልኩ።

«እኔ እኮ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነበርኩ። ይሄንኑ ለብሼ።»

ገርሞኝ ማስታወሻዬን ዘጋሁ። እሳቸው ቀጠሉ። ቀሚሱን ከመጽሔት ላይ አይተው ራሳቸው ቆርጠው፣ በእኅታቸው የሲንጀር መኪና ነው የሰፉት። «ልብሱን አልነበረም የተቃወምኩት። ሌላ ሰው መጥቶ እንዲህ ልበሱ ማለቱን ነው። ይሄን ማንም ልበሺ አላለኝም፣ ራሴ ሰፋሁት።» ታዲያ ለምን አስረዘሙት? ከተመረቁ በኋላ ባንክ ተቀጠሩ። አለቃቸው ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ መዝገብ ያስወርዳቸው ነበር። በየቀኑ። ይሄን ብለው ቀና ብለው አዩኝ፣ ገባኝ። በሦስተኛው ሳምንት ጠርዙን ፈቱት።

እስከ ዛሬ የጻፍኳቸውን መግለጫዎች በሙሉ ቀደድኩ። እንደ ሙዚየም ለመምሰል ስሞክር ነበር፤ «ይህ አልባሳት የዘመኑን መንፈስ ያንጸባርቃል» የሚል ዓይነት። ከአሁን በኋላ ሰዎቹ ራሳቸው ያሉት ነው የሚሰቀለው፣ በራሳቸው አነጋገር፣ ካነበብኩላቸውና እሺ ካሉኝ በኋላ።

ሚያዝያ 1

ማታ ማታ ለንደን ያለውን የእቴጌ ጥሩወርቅን ቀሚስ ፎቶ አያለሁ። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት፣ የልዑል አለማየሁ እናት። ቀሚሱ በ1860 ከመቅደላ ከተዘረፈው ጋር ሄዶ ዛሬ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ነው ያለው። በ2018 እ.ኤ.አ.፣ 150ኛ ዓመቱ ሲታሰብ፣ ለሕዝብ አውጥተውት ነበር። ነጭ የጥጥ ልብስ ነው፣ በሐር ክር የተጠለፈ። እቴጌዋ ከመቅደላ በወጡ በጥቂት ሳምንታት መንገድ ላይ አረፉ፣ ልጃቸው ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ነበር።

ፎቶውን እያጎላሁ የማየው ጥልፉን አይደለም። ማን ጠለፈላቸው? መቼ ነው የሚለብሱት? ብብቱ ሥር እራፊ አለው? አንድም ሰው ቡና አፍልቶ ቁጭ ብሎ አልጠየቃቸውም። ቀሚሱ በደህና ብርሃንና በደህና ሙቀት ተጠብቋል፤ እሳቸው ግን ስለ እሱ ያሉት አንድ ቃል የለም። እኔ ደግሞ ሰፈሬ ውስጥ ባለቤቶቹ አሉ፣ በእግሬ አሥር ደቂቃ። ለዚህ ነው ሰዎቹን የማሰለቸው። ለዚህ ነው ሦስተኛ ጊዜ ተመልሼ የምሄደው።

ሚያዝያ 16

ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ እየሰቀልን ነው። አሮጌ ልብስ በሽቦ መስቀያ አይሰቀልም፣ ትከሻው ላይ ይቀደዳል። የእንጨት መስቀያዎችን በባዘቶ ጠቅልለን፣ በታጠበ አቡጀዲ አለበስናቸው። 18 ሜትር ፈጀ። የአያቴ ቀሚስ ጭራሽ አይሰቀልም፣ ክሩ አይችልም፣ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። የተረፈውን አቡጀዲ መስኮቶቹ ላይ ጋረድነው፣ ፀሐይ ቀለም ይበላልና። ሙዚየሞች ለጨርቅ 50 ሉክስ ይላሉ። በስልክ ለካሁ፣ ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው፣ ከመጋረጃው በኋላ ወደ 60 ወረደ። ለሁለት ሳምንት ይበቃል።

ሚያዝያ 18

ተከፈተ! ሰዉ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ገባ። ጋሼ ሸሚዛቸው አጠገብ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ባለቤታቸው እድፉን ለሚጠይቅ ሁሉ ራሳቸው ናቸው የሚያስረዱት። ጋሼ አንዲት ቃል እንኳ ለመናገር ዕድል አላገኙም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት የኔ እኩያ ሴት በፌስታል ጥቁር ዓባያ ይዛ መጣች። «ይሄም ይሰቀል» አለች። አሮጌ ልብስ ነው የምናሳየው ልላት ነበር። ከሳውዲ ለብሳው የተመለሰችው ነው፣ በ2006 ከ150 ሺህ በላይ ሰው ሲባረር። ጠርዙን ገልብጣ አሳየችኝ፤ ከውስጥ ጠባብ ኪስ አለ፣ በእጅ የተሰፋ፣ ተፈትቶ ክሩ የተንጠለጠለ። ገንዘቧ እዛ ውስጥ ነበር። ሌላ ነገር ይዛ አልወጣችም። ባዶ መስቀያ አንድ ቀርቶን ነበር። ከአያቴ ቀሚስ ጎን ሰቀልነው። መግለጫውን ራሷ ቆማ ጻፈች።

ሚያዝያ 21

ስለ ካባው እስካሁን አልጻፍኩም። ጥቁር ከፋይ ነው፣ በወርቅማ ክር የተጠለፈ። የሰፈራችን አዛውንት የእማማ ነው፣ በ1964 ለራሳቸው መልስ ያሠሩት። ከዚያ ወዲህ ግን የሰፈሩ ሆነ። ያልቻለች ሙሽራ ሁሉ መልሷን በሱ ነው ያደረገችው። ውስጡን ስትገለብጡት ገበሩ 11 ዓይነት ክር ይታይበታል። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ አንድ ቦታ የጫማ ክር ሳይቀር። የተተረተረውን የየሙሽራዋ እናት እየሰፋች የመለሰችው ነው። እኛም ገበሩ እንዲታይ ገልበጥ አድርገን ነው የሰቀልነው፤ ሰው ሁሉ እዚያ ጋ ይቆማል።

ዛሬ እማማ መጡ። እሁድ ሠርግ አለ፣ ካባው ይፈለጋል።

እኔ ደነገጥኩ። ከፋዩ እጥፋቱ ላይ ሳስቷል፣ ላብ አለ፣ ጠጅ አለ፣ ጭፈራ አለ። ይሄን ሁሉ አስረዳኋቸው። ሌላ ካባ እኔ ልከራይላት አልኳቸው። ጨርሼ እስክናገር በትዕግሥት ሰሙኝና «ልጄ፣ አንቺ ያዋስሽኝ መስሎሽ ነው?» አሉ። ልክ ናቸው። ቅዳሜ አወርደዋለሁ።

ሚያዝያ 26

መስቀያው ባዶውን ተሰቅሏል። ሥሩ «ካባው ሠርግ ሄዷል፣ ሐሙስ ይመለሳል» ብዬ ለጥፌበታለሁ። ሰዎች ከልብሶቹ እኩል ይሄን ወረቀት ፎቶ ያነሳሉ።

ሚያዝያ 30

የሙሽራዋ እናት ራሳቸው አመጡት፣ በነጭ አንሶላ ጠቅልለው። ገና ሳልፈታው «አንዲት ነገር አለች፣ አትቆጪኝ» አሉ። በጭፈራው ላይ ገበሩ አንድ ስንዝር ተተርትሯል። ሰፍተውታል። በቀይ ክር፣ ጥቅጥቅ አድርገው። «ቀይ ነው እጄ ላይ የነበረው፣ ሱቁ ዝግ ነበር።»

መግለጫው ላይ «11 ዓይነት ክር» ይላል። እስክሪብቶ ተውሼ ሰረዝኩና 12 ብዬ ጻፍኩ። እማማ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ ከዚያ ካባውን ተቀብለውኝ ራሳቸው ሰቀሉት፣ ቀዩ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርገው።